ኮርማ የሚያነብ ዓይን

በሬ አዋቂ ሰው ከብት ሲያይ መጀመሪያ አይጠጋም። አዲስ አበባ ውስጥ ከወሰን ሰፈር አለፍ ብሎ፣ ወደ ደሴ በሚያወጣው መንገድ በኩል ባለው የካራ ከብት ገበያ ይህን መታዘብ ይቻላል። ጀማሪ ገዢ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሻኛ ይዳብሳል። አዋቂው ግን ራቅ ብሎ ይቆምና "እስቲ አንዴ አራምደው" ይላል። ከዚያ ዓይኑ መሬት ላይ ነው፤ የኋላ ኮቴ የፊተኛው በረገጠበት ላይ ማረፍ አለማረፉን ያያል። አጥሮ የሚያርፍ ከሆነ ወይ ወገቡን፣ ወይ ጉልበቱን፣ ወይ ኮቴውን አንድ ነገር ነክቶታል። ዋጋ እስካሁን አልተነሣም።

ለቅርጫ ሰንጋ የሚገዛ ከሆነ ቀጥሎ እጅ ይመጣል። ጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ስብ መቋጠሩን ይጨብጣል፤ ጣቶቹን በጎድኖቹ መካከል ይሰድዳል፤ ሽንጡን ጫን ይላል፤ ፍሪምባውን ከፍ አድርጎ ይመዝናል። ጨው አስልሰው ውሃ ያጠጡት በሬ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ሆዱ ተወጥሯል፣ ከሩቅም ያምራል፣ የወገቡ አጥንቶች ግን እንደ ሾሉ ናቸው። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ዳሰሳ በሳይንስም ተጽፏል። በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውና ኋላ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አካል የሆነው ኢልካ፣ ኒኮልሰንና በተርወርዝ ያዘጋጁትን ሻኛ ያላቸው ከብቶች መመዘኛ በ1986 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ከሲታ፣ መካከለኛ፣ ወፍራም ብሎ ይጀምርና እያንዳንዱን እንደገና ለሦስት ይከፍላል፤ ጠቅላላው ዘጠኝ ደረጃ ይሆናል። ተመልከቱ የሚላቸው ቦታዎች አከርካሪ፣ ጎድን፣ ዳሌ፣ የጅራት ሥር፣ ፍሪምባና ሻኛ ናቸው። ይህም የካራ ነጋዴ እጅ የሚሄድበት መንገድ ነው።

ኮርማ ሲሆን ንባቡ ይረዝማል። ሰንጋ የሚጠየቀው ለዛሬ ነው፤ ኮርማ ግን ገና ላልተወለዱ ጥጆችም ይጠየቃል። ሁለቱ ቆለጦች እኩል፣ ሲዳሰሱ ጠንከር ያሉ፣ በከረጢታቸው ውስጥ እንደ ልብ የሚንሸራተቱ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ካነሰ የቀረው ውበት ሁሉ ለአራጅ ነው። የእምብርቱ ቆዳ ከልክ በላይ ተንዠርግጎ ከሆነ ቆላ ሲወርድ እሾህ ይቀደዋል። የኋላ እግሩ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ኮርማ ላም ላይ ሲወጣ ክብደቱን አይችልም፤ ከመጠን በላይ የታጠፈውም ዕድሜ የለውም። ጥርሱ ይቆጠራል፣ ዓይኑ ይታያል፣ ሰው ሲጠጋው የሚያደርገው ይጠበቃል። ተዋጊ ኮርማ ልጆቹም እሱን ይመስላሉ፤ እረኛውም በመጨረሻ ይሸሻቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ስለ ዘር አልተነሣም። በወሰንም ሆነ በሌላው የየካ ክፍል በየግቢው ጀርባ የወተት ላም የሚያረባ ሰው አለ፤ የእንጦጦ ብርድም ለፈረንጅ ደም ይስማማል። ከእነዚህ ላሞች የሚወለደው ወንድ ጥጃ ክልስ ነው። አባቱን ብዙ ጊዜ ማንም አላየውም፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ የመጣ አንድ ቀጭን ቱቦ ዘር ነው። ይህን ሥራ በአገር ደረጃ እንዲያስተባብር የቃሊቲው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል በ1981 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። ጥጃው በደንብ ከተመገበ ቶሎ ያድጋል፤ ከሀገሬው እኩዮቹ ራስ በላይ ይቆማል። ባለቤቱም ያየዋል፣ ጎረቤትም ያየዋል፣ "ይህንን ወይፈን አታርደው፣ ለዘር አስቀረው" የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል።

እኔ አድልበህ ሽጠው ከሚሉት ወገን ነኝ። ክልሱ ያማረው ሁለት የተራራቁ ዘሮች በአንድ አካል ስለተገናኙ ነው። ከዚያ መገናኘት የሚገኘው ብርታት በመውለድ፣ በሕይወት በመቆየትና በማደግ ላይ ይታያል፤ በሥጋው ጥራት ላይ የሚጨምረው ግን ትንሽ ነው። ደግሞም እንዳለ አይወረስም። የመጀመሪያውን ክልስ ኮርማ ከክልስ ላም ጋር ቢያገናኙት ያ ትርፍ ብርታት በልጆቹ ላይ በግማሽ ይወርዳል፤ መልካቸውና ቁመታቸውም ይበታተናል፦ አንዱ ወደ ፍሪዥያን፣ አንዱ ወደ ደጋ ላም፣ ሦስተኛው ወደ የትም። ሰርገኛ ጤፍ ዘርቶ ማኛ እንደ መጠበቅ ነው። በጥንቃቄ መዝግቦ፣ ለብዙ ትውልድ እያጠራ የሚሠራ ትልቅ እርባታ ከክልሶች አዲስ ዘር ሊያወጣ ይችላል፤ አምስት ላም ላለው ሰው ግን ያ መንገድ አይደለም። የባኮ ምርምር ማዕከል የሆሮና የቦረና ላሞችን ከፍሪዥያን፣ ከጀርሲና ከሲሜንታል ሲያዳቅል ክልሱ የሥራው ውጤት ነበር፤ መነሻዎቹ ግን በሁለቱም በኩል ማንነታቸው የታወቀ ዘሮች ናቸው።

ንጹሕ ዘር ሲባልም ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ሰው አለ። የቦረናን ኮርማ አቁሞ ማየት ይህን ያስረሳል። ነጭ ወይም ዳለቻ፣ ረጅም ወገብ፣ ሙሉ ጭን፣ ከትከሻው በላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ ሻኛ፣ አጭር ቀንድ። እያንዳንዱ መስመር የተሠራበት ምክንያት አለው። በበጋ ወራት መንጋው ቱላ ወደሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች የሚመጣው በየሦስት ቀኑ ነው፤ ሰዎች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡለታል። ውሃ ጠጥቶ ሣር ወዳለበት የሚመለስበት መንገድ ረጅም ነው። ሦስት ቀን ጥም የማይችል፣ ያን መንገድ በሥጋው የማይመለስ እንስሳ ልጅ ሳይተካ ቀርቷል። የቀረውን የሠራው አርቢው ነው፤ ወይፈኑን ከማስቀረቱ በፊት የእናቱን ወተት ይጠይቃል፣ ያላማረውን ያኮላሻል። ይህ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ እጅ ሥራ ነው። ኬንያ የሚገኙ አርቢዎች ይህንኑ ከብት ወስደው በ1951 እ.ኤ.አ. የቦራን አርቢዎች ማኅበር አቋቋሙለት። ዘሩ ከዚያ ዛምቢያንና አውስትራሊያን አልፎ አሜሪካ ኔብራስካ ደረሰ፤ ክሌይ ሴንተር በሚገኘው የምርምር ጣቢያ ከአሜሪካ ላሞች ጋር ተዳቅሎ የተገኙት ክልሶች ሥጋ ከብራህማን ክልሶች ለስለስ ያለ ሆኖ ተገኘ። ልብ ይሏል፦ እነዚያ ሰዎችም ክልሱን ወንድ አረዱት፣ ንጹሑን አባት አደረጉት።

የፎገራ ነገር ያሳዝናል። ጣና ዙሪያ ረግረግ ላይ የተሠራ፣ ቡሬ፣ ትልቅ፣ ጠባየ ለስላሳ ከብት ነው። አሁን ግን ከደጋ ከብት ጋር እየተደባለቀ ንጹሑን ማግኘት ከባድ ሆኗል፤ ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ ምርምር ማዕከል ለዓመታት የደከመበትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ "ንጹሕ ፎገራ ነው" ሲባል ቡሬ ቆዳ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከተቻለ እናቱ፣ ካልተቻለም የመጣበት መንጋ መታየት አለበት። የሐረር ሰንጋማ ከዚህ ሁሉ ወጣ ያለ ነው፤ ዘሩ አያኮራውም፣ አያያዙ እንጂ። የሐረርጌ ገበሬ ወይፈኑን ብዙ ጊዜ ከቆላ ይገዛዋል፣ ጥቂት ዓመት ያርስበታል፣ ከዚያ ደጅ አስሮ በማሽላ ቅንጣቢና በበቆሎ ቅጠል በእጁ ያጎርሰዋል። ማሽላውን ሲዘራም አውቆ ያጠቀጥቀዋል፤ እየሳሳ የሚነቀለው ለበሬው ነው።

በአገራችን ካሉት ከብቶች እጅግ የሚበዙት የሀገር ዘሮች ናቸው፤ ስለዚህ ለሥጋ የሚያረባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው በክልስና በንጹሕ መካከል ብቻ ሳይሆን በመልካምና በመጥፎ ንጹሕ መካከልም ነው። እንጦጦ ግርጌ ጥቂት የደጋ ላሞች ያሉት ሰው ቢጠይቀኝ፣ እግሩ የተስተካከለ ቦረና ወይም ሆሮ ኮርማ ፈልግ እለዋለሁ፤ ሁለት የሀገር ዘሮች ሲገናኙም ጥጃው ከመቀላቀሉ የሚያገኘው ብርታት አለ፣ ብርዱንና መኖውን ግን ከእናቱ ወገን ይችላል። ኮርማውን ሲገዛ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይስማማ፦ የኮርማው ሴት ልጆች ለኮርማ በሚደርሱበት ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ አባታቸው ወደ ሌላ መንጋ መሻገር አለበት። ኮርማ ካለው ሌላ አርቢ ጋር መለዋወጥ የሚሻለው ያኔ ነው፤ ሁለቱም ሰዎች የልጆቹን አረማመድ አይተው፣ ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚቀበሉ አውቀው።