መስታወት የሚቀጥል እጅ

በርበሬ አብቃዩ የሻሾጎ ወረዳ ዋና ከተማው ቦኖሻ ነው። ክረምቱ ሲበረታ በቦዮ ሐይቅ ዙሪያ ያለው ሜዳ በጎርፍ ይጥለቀለቃል። እንዲህ ባለ አገር ለሚቀበር የፋይበር ኬብል ስጋቱ ብዙ ነው፤ ጎርፉ አፈሩን ይሸረሽርበታል፣ መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር ይበጥሰዋል።

ለዚህ መሐንዲሶች መስመሩን ቀለበት አድርገው ይዘረጋሉ፤ በአንድ በኩል ሲቆረጥ መልእክቱ በሌላው ዞሮ ይደርሳል። በደንብ የተሠራ ቀለበት አቅጣጫ ለመቀየር 50 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ በስልክ የሚያወራ ሰው አያስተውለውም። ግን አንዴ የተቆረጠ ቀለበት ሌላ ጉዳት አይችልም። የተቆረጠውን ኬብል የሚቀጥለው ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ የማደንቀውም እሱን ነው።

በመጀመሪያ ኦቲዲአር የተባለው መሣሪያ ብርሃን ልኮ ስብራቱ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ይናገራል። የሚለካው ግን በኬብሉ ውስጥ ያለውን የመስታወት ክር ርዝመት እንጂ የመንገዱን አይደለም። በየጉድጓዱ የተጠቀለለውን ትርፍ ኬብል ቀንሶ ትክክለኛው ቦታ ላይ የሚያስቆፍረው መስመሩን የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ከዚያ ጣቶቹን ተመልከቱ። ክሩ ሽፋኑ ሲገፈፍ 125 ማይክሮን ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት መሐሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ያህል ብቻ። መከላከያውን ቱቦ አስቀድሞ በክሩ ላይ ያጠልቃል፤ ከረሳው የቀጠለውን መልሶ መቁረጥ አለበት። በአልኮል ይጠርጋል። በስለት ጫር አድርጎ ይሰብረዋል፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበትና። ቀሪው የማሽኑ ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች አስተካክሎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቀልጣቸዋል እንጂ የተንሻፈፈ ስብራት ወይም የአቧራ ቅንጣት አያርምም። ለዚህ ነው ባለሙያው ከነፋስ ሸሽቶ በመኪና ወይም በድንኳን ውስጥ የሚሠራው። ጥሩ ቅጥል ከ0.1 ዴሲቤል በታች ነው የሚያባክነው።

የእጁ ጥራት ከሁሉ በላይ የሚታየው ቅጥሎቹ የሚቀመጡበት ሣጥን ሲከፈት ነው። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ እያሉ ክሮቹ በተራቸው ተኝተዋል፤ ጥምዝምዛቸው ሰፊ ነው፣ ጠብቆ የታጠፈ መስታወት ብርሃን ያፈሳልና። የሣጥኑ ጎማ ተጠርጎ ይገጠማል፤ ጎርፍ በሚያዘወትረው ሜዳ ትንሽ ጭቃ ውኃ ታስገባለች። በመጨረሻም ጥቂት ሜትር ትርፍ ኬብል ጠቅልሎ ጉድጓዱ ውስጥ ይተዋል፤ ሌላ ቀን ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው አውጥቶ እስከ መኪናው እንዲያደርሰው።