«መርጋት» የሚለው ስያሜ በጨቅላ ሕፃናት ሕክምና

በጨቅላ ሕፃናት ደም መልስ ውስጥ የሚፈጠረው እክል በአማርኛ ብዙውን ጊዜ «የደም መርጋት» ይባላል። ስያሜው የተለመደና ለአፍ የቀለለ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሙያዊ ቃል የሚፈለገው የመለየት ኃይል ይጎድለዋል።

አንዲት እናት በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ወለደች እንበል። ሕፃኑ ቪታሚን ኬ ይወጋል፤ ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ መጠኑ 1 ሚሊ ግራም ነው። ምክንያቱን ብትጠይቅ «ደሙ እንዲረጋ ነው» ትባላለች። ያው ሕፃን ታሞ በእትብቱ ደም መልስ ቀጭን ቱቦ ቢገባለትና በቱቦው ዙሪያ ደም ቢቋጠር፣ አሁንም «ደሙ ረግቷል» ትባላለች። ትናንት በመርፌ የተፈለገው ነገር ዛሬ በሽታ ሆነ ማለት ነው። መርፌውን ብትጠረጥር፣ ለሚቀጥለው ልጇም እንቢ ብትል አይፈረድባትም። በቤቷ የምትናገረው ቸሃ፣ እዣ፣ መስቃን ወይም ክስታኔ ከሆነ ደግሞ በአማርኛው የተደባለቀውን ፍች በራሷ ቋንቋ መልሳ መለየት አትችልም። «ረጋ» ለወተትም፣ ለውሃም፣ ለሰው ጠባይም የሚነገር መልካም ግሥ ነውና «ደሙ ረጋ» የመዳን ዜና መስሎ ቢሰማትም አይደንቅም።

አማርኛ ግን ቃል አላነሰውም። «ጓጎለ» አለ፤ የአፈሩ «ጓል»ም አለ። «መርጋት» መድማትን ለሚያቆመው ጤናማ ሂደት ተጠብቆ፣ የደሙን መንገድ የሚዘጋው «የደም ጓል»፣ አፈጣጠሩም «የደም መጓጎል» ቢባል እንመርጣለን። ጓል ለጨቅላ ገላ ይሻክራል የሚሉ ይኖራሉ፤ መሻከሩ ግን እክል መሆኑን ይናገራል።

«ደም ማቅጠኛ» ከዚህም የባሰ ነው። ሄፓሪን ደምን እንደ ወጥ አያቀጥንም፤ ያለውንም ጓል አያሟሟም። እንዳያድግና ሌላ እንዳይፈጠር ይገታል፤ ማሟሟቱን ገላው ራሱ ይሠራዋል። ጓሉን በቀጥታ የሚያሟሙት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው፤ ደም የማፍሰስ አደጋቸው ብርቱ ስለሆነ ለጨቅላ የሚሰጡት ጓሉ ሕይወትን ወይም አካልን ሲያሰጋ ነው። ሁለቱንም «ማቅጠኛ» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ ሐኪሙ የለየውን ይደባልቃል። የመጀመሪያው «ፀረ መርጋት»፣ ሁለተኛው «ጓል አሟሚ» ቢባሉ ይለያያሉ።

«ደም መልስ» ግን አይነቀፍም። የእትብት ደም መልስ ከእንግዴ ልጅ ኦክስጅን ያዘለ ደም ወደ ጽንሱ ልብ ያደርሳል፤ ስያሜው በደሙ ዓይነት ሳይሆን በአቅጣጫው ላይ ስለ ተመሠረተ እዚያም ላይ አልተሳሳተም።