አዝማሪው ተሻገረ ወይ?

ተማሪዎች አያነቡም የሚለው ሮሮ ከመምህራን ክፍል ጠፍቶ አያውቅም። እኛም ከአማራሪዎቹ ወገን ነን። ሆኖም ከመካከላችን ንባብ የሚወደውን ሰው «ይህ ፍቅር እንደምን ያዘህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነቱ እጁ የገባ አንድ መጽሐፍ ነው። በአማርኛ ለተማሩ ብዙ ሰዎች ያ መጽሐፍ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። ልጅን የሚይዘው ምኑ እንደ ሆነ፣ እኛ መምህራንስ የያዘውን እንደምን እንደምናስለቅቀው በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት ወደድን።

መጽሐፉ የወጣው በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ካበቃ በኋላ፣ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና በተከፈቱበትና የአማርኛ ማንበቢያ እጅግ ጥቂት በነበረበት ዘመን ነው። ደራሲው ፈረንሳይኛ ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፣ ከኤዞፕና ከላ ፎንቴን ወገን የሆኑ ተረቶች በመጽሐፉ ውስጥ ይገኛሉ። ልጁ ግን ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ተረቱ ቤት እየመታ ሲመጣለት ከአያቱ አፍ የወጣ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀውን «አዝማሪና የውሃ ሙላት»ን እንውሰድ። አንድ አዝማሪ መንገድ ሲሄድ ወንዝ ሞልቶ ይቆየዋል። መሻገር ቢያቅተው ከዳር ሆኖ ውሃውን ያሞግሰው ጀመር። አላፊ አግዳሚ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቀው፣ ሆዱን አራርቶ እንዲያሻግረኝ ነው ይላል። ሰውየውም ይስቅበታል፤ የተሞገሰው ውሃ ሄዷል፣ የሚመጣውም አይሰማም። ምክሩ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

ልጁን የያዘው ምክሩ ነውን? አይመስለንም። የያዘው የደፈረሰው ወንዝና ለውሃ የሚዘፍነው ሰው ነው። ደግሞም ስንኞቹ በወል ቤት ሚዛን ስለሚሄዱ ሁለት ሦስት ጊዜ የሰማ ሁሉ በቃሉ ይይዛቸዋል። ይህ በቃል መያዝ በእኛ ዘንድ እንደ ሽምደዳ ተቆጥሮ የተናቀ ነገር ነው፤ ነገር ግን ገና ፊደል የሚለቅም ልጅ በቃሉ የሚያውቀውን ግጥም በገጹ ላይ ሲያገኘው፣ ዓይኑ ከጆሮው ጋር ይስማማና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይደናቀፍ ያነባል። ማንበብ እንደሚችል ለራሱ የሚነግረው ያን ጊዜ ነው።

መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም አንልም። ታሪኩ የተናገረውን ምክሩ መልሶ የሚያስረዝምበት ቦታ አለ። ቢሆንም ደራሲው ተረቱን አስቀድመው ምክሩን በመጨረሻ አኖሩት፤ ቅደም ተከተሉን ያበላሸነው እኛ ነን።

የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ይህን ግጥም ለብዙ ዓመታት ስናስተምር አንድ ጊዜ ይነበባል፣ አስቸጋሪ ቃላት በሰሌዳ ይጻፋሉ፣ ወዲያው «ምን ትማራላችሁ?» ይባላል። ምክር የማይሰማን መምከር ድካም ነው የሚለው መልስ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ለፈተናም ይመጣል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ አዝማሪው ግን ተሻገረ ወይ?» አለን። «ይህ አይጠየቅም» ብለን አስቀመጥነው። ልጁ በዓመቱ ውስጥ ዳግመኛ እጁን ሲያወጣ አላየንም። (ለማይሰማ ውሃ የሚዘፍነው ማን እንደ ነበር ያን ጊዜ አልገባንም።)

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን የሕፃናት መጽሐፍ ነው ብሎ ይተወዋል። ስሕተት ነው። አዝማሪ የሚኖረው ሰው በማሞገስ ነው፤ የባለጸጋን ሆድ አራርቶ እንጀራውን ያገኛል። ወንዙ ሲዘጋበት ያለውን አንድ መሣሪያ አወጣ። ልጅ ሆነን ሞኝነቱ አሳቀን፤ አድገን ስናነበው ግን ቸግሮት መሆኑ ይታየናል። አላፊ አግዳሚውም እውነት ተናገረ እንጂ የማሻገሪያ ዘዴ አላመጣለትም። ይህን የተረዳ ተማሪ የዚያኑ ደራሲ «አኒባል»ን፣ በግጥም የተረጐሙትንም «ሮሚዎና ዡልየት»ን ለመክፈት አይፈራም፤ የሚያውቀው ድምፅ ነውና።

አሁን ግጥሙን ካነበብን በኋላ ጥያቄ አንጠይቅም፤ መጽሐፉን አጥፈን እንጠብቃለን። መሻገሩንና አለመሻገሩን የሚያነሣ ሁልጊዜ አይጠፋም። በቅርቡ አንድ ክፍል በዚሁ ለሁለት ተከፈለ። ከወንዝ ዳር ያደጉት የክረምት ደራሽ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል፣ እየዘፈነ ቢቆይ ይሻገር ነበር አሉ። ሌሎቹ ግጥሙ ውስጥ ይህ የት ተጻፈ ብለው መጽሐፉን ቀምተው ይፈልጉ ጀመር። ደወል ሲደወልም አልመለሱልንም።