ስለ «አደን ፈረስ» ዳኝነት ቃላት አንዳንድ አስተያየት

በአሜሪካ የፈረስ ትርኢቶች ላይ «ሀንተር» እየተባለ የሚጠራ የውድድር ክፍል አለ። ተርጓሚ ይህን ቃል ሲያገኝ በቅድሚያ ወደ አእምሮው የሚመጣለት አቻ «አዳኝ» ነው። እኛ ግን ከሚታሰቡት አቻዎች ሁሉ የማይሆነው ይህ ነው እንላለን። በዚህ ውድድር ስሙ የተሰጠው ለሰውየው ሳይሆን ለፈረሱ ነው፤ ፈረሱም አዳኙን ይሸከማል እንጂ ራሱ አያድንም። ከዚህም በላይ «አደነ» እና «አዳነ» የተባሉት ግሦች የአድራጊ ስማቸው በጽሕፈት አንድ በመሆኑ፣ «አዳኝ ፈረስ» የሚለውን ያነበበ ሰው ጌታውን ከሞት ያተረፈ ፈረስ ቢመስለው አይፈረድበትም።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ስያሜ የቆየ መንገድ አለው። «የእርሻ በሬ»፣ «የጭነት አህያ»፣ «የወተት ላም» ስንል ከብቱ የሚውልበትን አገልግሎት እንገልጻለን እንጂ ከብቱ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚሠራ አንናገርም። «የአደን ፈረስ» የሚለውም በዚሁ ዘይቤ የሚቆም ስያሜ ነው። ነገሩም ከታሪኩ ጋር ይስማማል። በእንግሊዝና በአየርላንድ፣ ኋላም በሰሜን አሜሪካ፣ ፈረሰኞች ውሾችን እየተከተሉ ቀበሮ ያድኑ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ፈረስ ሰውን ሳያደክም ቀኑን ሙሉ የሚሸከም፣ የእርሻ አጥርና የድንጋይ ካብ ሳይደነግጥ የሚዘል፣ በሌሎች ፈረሶች መካከል የማይፈነጭ ፈረስ ነበር። የትርኢቱ ዳኛ ዛሬም የሚመዝነው ይህንኑ ጠባይ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በውሻ ቀበሮ ማደን እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሕግ ተከልክሏል፤ ሕጉም በ2005 በሥራ ላይ ውሏል። በአሜሪካ የትርኢት ሜዳ የሚወዳደሩት አብዛኞቹ ፈረሶችም አደን አይተው አያውቁም። አደኑ ከሜዳው ቢጠፋም ስያሜው ስለ አገልግሎት የሚናገር በመሆኑ አይናጋም።

ከዚህ ስያሜ ጋር የሚሄደውን «ሀንተር ሲት» የተባለውን «የአደን መቀመጫ» ብሎ መመለስ ግን አንባቢውን ወደ ወንበር ወይም ወደ ኮርቻ ይመራዋል። እዚህ ላይ የተፈለገው የሰውየው አኳኋን ስለሆነ «የአደን አቀማመጥ» መባል ይገባዋል። የዚህ አቀማመጥ መሠረት ከ1868 እስከ 1907 እ.ኤ.አ. የኖረው ኢጣሊያዊው የፈረሰኛ ጦር መኰንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ ያስተማረው ነው፤ ይኸውም ፈረሱ ሲዘል ፈረሰኛው ወደ ኋላ መለጠጡን ትቶ ክብደቱን ወደ ፊት እንዲያሳልፍ፣ እርካቡን አሳጥሮ የፈረሱን ጀርባና አፍ ነጻ እንዲያደርግ ነው። ጆርጅ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍም ይህንኑ ስያሜ ለርእስነት ይዟል።

ለተርጓሚ ትልቁ ወጥመድ ያለው በሦስቱ የቅርብ ዘመዳሞች መካከል ነው። «ሀንተር» በተባለው ክፍል የሚዳኘው ፈረሱ ነው፤ «ኢኩዌቴሽን» በተባለው የሚዳኘው ፈረሰኛው ነው፤ «ጃምፐር» በተባለው ደግሞ የሚፈርዱት የወደቀው ዘንግና ሰዓቱ ናቸው። ለተመልካች ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሰው በፈረስ ላይ ተቀምጦ አጥር ያዘላልላል። እንግሊዝኛውም በዚህ ረገድ ግድ የለሽ ነው፤ ፈረሰኛዋም ፈረሱም በአንዱ ግሥ «ዘለሉ» ይባላሉ። አማርኛ ግን አያድበሰብስም። ፈረሱ «ዘለለ» ይባላል፤ ፈረሰኛዋ ግን «አስዘለለች» ነው የምትባለው። እንግዲህ ስለ አደን ፈረስ ዳኝነት የሚተረጉም ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ዘለለ» መሥራት ይኖርበታል፤ «አስዘለለ» ያለ እንደ ሆነ፣ አንባቢው ሳያውቀው ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው ይሻገራል። የተዋሰናቸውን ስሞች አጣርቶ ከመምረጥ ይልቅ የግሡን አዕማድ መጠበቅ ለትክክለኛነት የበለጠ እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ስለ ነጥብም እንዲሁ ነው። በጃምፐር ውድድር ዘንግ የጣለ ፈረስ 4 የቅጣት ነጥብ ይቈጠርበታል፤ ማንም ተመልካች አብሮ ሊቈጥር ይችላል። በአደን ፈረስ ግን ዳኛው ጠቅላላውን ዙር አይቶ ከ100 አንድ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ቁጥር የድምር ውጤት አይደለም። ፈረሱ ከሌሎቹ ፈረሶች አንጻር የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ የግምት ምልክት ነው። ሰማንያዎቹ ጥሩ ዙርን፣ ዘጠናዎቹ እጅግ ያማረውን ያመለክታሉ፤ ዘንግ የጣለ ወይም አልዘልም ብሎ የቆመ ፈረስ እንደ ልማዱ ከሃምሳ በታች ይወርዳል። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን የለመዱት «ነጥብ አስቈጠረ» የሚለው አነጋገር እዚህ ቦታ የለውም፤ ያልተቈጠረ ነገር እንዴት ያስቈጥራል? «85 ተሰጠው» ማለት ይበቃል፤ ሰጪ መኖሩንም ያስታውሳል። በዚህ ውድድር ደግሞ ሰጪ መኖሩን መርሳት አይገባም።

በዚሁ ምክንያት «ቅጣት» የሚለውን ቃል ለጃምፐር ትተን፣ ለአደን ፈረስ ጉድለት «እንከን» የሚለውን እንመርጣለን። «ነውር» የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ለመሥዋዕት ከብት ስለ ተነገረ ቅርበት አለው። ይሁን እንጂ በዛሬው አማርኛ ነውር ወደ ሰው ምግባር ስላዘነበለ፣ ፈረሱ ያሳፈረ ያስመስለዋል። እንከን ግን ከገበያ የመጣ ቃል ነው፤ ከብት ገዢ ዞር ዞር ብሎ የሚፈልገው እሱን ነው፤ የትርኢት ዳኛም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

የእንከኖቹን ዝርዝር ለመረዳት ዙሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። በሜዳው ላይ እንደ ደንቡ ቢያንስ ስምንት አጥሮች ይተከላሉ። ተከታታይ በሆኑት አጥሮች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው የፈረሱ አንድ የደንገላሳ እርምጃ 12 ጫማ፣ ማለትም 3.66 ሜትር ያህል ነው በሚል ስሌት ነው። መልካም ፈረስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይሄዳል፤ ከአጥሩ እጅግ ሳይቀርብም ሳይርቅም ይነሣል፤ የፊት ጉልበቶቹን እኩል ወደ ላይ አጥፎ፣ ጀርባውን እንደ ቀስት ደጋን አጕብጦ ይሻገራል። እርምጃው የተዛነፈበት ፈረስ በመጨረሻዋ ቅጽበት አንዲት አጭር እርምጃ ሸርፎ ያስገባል፤ ይህንን «ሽራፊ እርምጃ» ብንለው ከእንግሊዝኛው ስያሜ አሳብ ጋር ይስማማል፤ ከሰባራ ሳንቲም ጋር የለመድነው ቃል በመሆኑም ለጆሮ አይከብድም። ተቃራኒው «ከሩቅ መነሣት» ነው። አንድ እግሩን ሳያጥፍ ያንጠለጠለውን «እግር አንጠልጣይ» ማለት ይቻላል። «ቀስት» የሚለውን ለጀርባው ቅርጽ መጠቀም ሰምና ወርቅ አያሻውም፤ ማንም ይረዳዋል።

የዳኝነቱ ፍሬ ነገር ግን ያለው በሌላ ቃል ላይ ነው። የአደን ፈረስ ዳኞች ከሁሉ አብልጠው የሚያወድሱት በእንግሊዝኛ «ኳየት» የሚሉትን ፈረስ ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ጸጥተኛ»፣ «ጸጥ ያለ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ፈረስ በሁለት መንገድ ጸጥ ይላል። አንዱ ነቅቶ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ የሚመጣበትን አጥር እያየ፣ ሰውየው የጠየቀውን ለማድረግ ፈቃደኛ የሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የደከመ ወይም የደነዘዘ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይዞ በመሄዱ ያደረሰው ጉዳት የቋንቋ ጉዳት ብቻ አይደለም። ዳኛው ጸጥታን በሸለመ ቍጥር ባለፈረሶች ጸጥታን ማምረት ጀመሩ፤ አንዳንዶች ከውድድሩ በፊት ፈረሱን በረጅም ገመድ አስረው ኃይሉ እስኪያልቅ ክብ እያስሮጡ፣ ሌሎች ደግሞ በመርፌ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን «ጋባ» የተባለውን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር ከተከለከሉት መድኃኒቶች ተራ መሆኑን ያስታወቀው በዚህ የተነሣ ነበር። ከሜዳው ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ጸጥታዎች ሊመስሉ ይችላሉ፤ ለፈረሱ ግን አንድ አይደሉም።

አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል እንዲያጣብቅ የሚያስገድደው ነገር የለም። «ገራም» የሚል ቃል አለን። ገራም ያልነው ፈረስ ወይም በሬ ከ«ገራ» የመጣ፣ ማለትም የተገራ፣ ለሰው እጅ የለመደ ነው፤ ፍርሃትም ድካምም በትርጉሙ ውስጥ የለም። ጉግስ የሚጫወት ፈረስ እንኳ ከጩኸትና ከዘንግ መካከል ገብቶ ገራም ሊባል ይችላል። የደነዘዘውን ደግሞ «ፈዛዛ» እንለዋለን፤ ማንም ገበሬ ፈዛዛ ከብት አመሰግናለሁ ብሎ አይገዛም። ስለዚህ የዳኝነት ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው «ጸጥተኛ» የሚለውን ትቶ ምስጋናውን በ«ገራም»፣ ነቀፌታውን በ«ፈዛዛ» ቢጽፍ፣ ምንጩ ያልለየውን ሊለይ ይገደዳል። ይህ ከምንጩ መራቅ አይደለም ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። መልሳችን፣ ደንቡ ራሱ ጠባይንና ጤንነትን አጣምሮ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ዳኛው ሊያወድስ ይገባው የነበረው ገራሙን ነው የሚል ነው። ምንጩ በእርግጥ አሻሚ በሆነበት ቦታ ግን «ረጋ ያለ» ብሎ አሻሚነቱን ማቆየት ይቻላል፤ ተርጓሚው ይህን የሚያደርገው ዐውቆ ከሆነ አንቃወምም።

ከዚሁ ጋር የሚታየው «ብሪሊያንስ» የተባለው ምስጋና ነው። «ግርማ» ያልን እንደ ሆነ፣ አንባቢው በወርቅ ዘቦ ያሸበረቀ፣ አንገቱን የቀለሰ፣ እንደ አባ ታጠቅና እንደ አባ ዳኘው ስሙ ከጌታው ስም ጋር የሚጠራ የጦር ፈረስ ይታየዋል። ዳኛው የሚፈልገው ግን ያ አይደለም፤ ገራም ሆኖ ሳለ ሕይወት ያለው ዝላይ ነው። «ድምቀት» ይሻላል። በአሜሪካ የአደን ፈረስ ደርቢ በተባለው ውድድር ከፍ ያለውን አጥር ለመረጠ ፈረስ ተጨማሪ ነጥብ መሰጠቱ፣ ስፖርቱ ራሱ ፈዛዛውን መሸሽ እንደ ፈለገ ያሳያል ብለን እንገምታለን።

ስለ አረማመድ ስሞች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቃላቱ በየባላገሩ አፍ ላይ አሉ። እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ በቅደም ተከተል ይበቃሉ። «ሰጋር» የሚለውን ብቻ ከሶምሶማ ጋር ማምታታት አይገባም፤ ሰጋር በቅሎ በአንድ ወገን ያሉትን እግሮቿን አከታትላ የምታነሣ ናት፤ ሶምሶማ ግን በአግድም የተያያዙትን ጥንድ እግሮች ያነሣል። በእንጅባራ ጥር 23 ቀን በየዓመቱ የሚሰበሰቡት የአገው ፈረሰኞችን የመሰሉ ባለሙያዎች ባሉበት አገር ለአረማመድ ከግእዝ አዲስ ቃል መፍጠር ትርፉ ድካም ነው። «መሰናክል» ደግሞ ከ3,000 ሜትር ሩጫ ጋር የለመድነው ቢሆንም፣ «ተሰናከለ» ከሚለው የመጣ በመሆኑ ለማደናቀፍ የተተከለ ነገርን ያሳስባል። ለጃምፐር ይስማማል። የአደን ፈረስ ሜዳ ግን የገጠር አጥርን፣ በርንና የድንጋይ ካብን የሚያስመስል በመሆኑ «አጥር» እንበለው።

አንድ ቃል ይቀራል። ፈረስ በደንገላሳ ሲሄድ ከፊት እግሮቹ አንዱ ከሌላው ራቅ ብሎ ወደ ፊት ይዘረጋል። ወደ ቀኝ በሚታጠፍበት ጊዜ ቀኙ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ግራው ሊሆን ይገባል፤ ካልሆነ እንከን ነው። ይህን እግር «ቀዳሚ እግር» ለማለት የሚያስብ አለ። ነገር ግን የእርምጃውን ሥርዓት ብንመለከት፣ በቀኝ በኩል ሲሄድ በመጀመሪያ መሬት የሚረግጠው የኋላ ግራ እግር ነው፤ ቀጥሎ የኋላ ቀኝና የፊት ግራ አንድ ላይ ይረግጣሉ፤ የፊት ቀኙ የሚረግጠው በመጨረሻ ነው። በጊዜ የመጨረሻውን «ቀዳሚ» ማለት ለሰዋስው መምህር የሚጠና እንቈቅልሽ ይሆናል። «መሪ» ግን በቦታ ፊት የሚገኝ ነው፤ ፊታውራሪም ጦሩን የሚመራው ከፊት ተሰልፎ ነው፤ መቼ እንደሚረግጥ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ «ቀኝ መሪ»፣ «ግራ መሪ» እንላለን፤ በደንገላሳ ላይ ሳለ ሳይቆም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገርም «መሪ እግር ለወጠ» ይባላል፤ ከፊት ለውጦ ከኋላ ሳይለውጥ የቀረውን ፈረስ ግን «ተጣረሰ» ብንለው የሚሻል ቃል እስኪገኝ ድረስ ያገለግላል።