ቤት የሌለውን ሰው ስለ መጠየቅ

ቡታጅራ ለጥናት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን አገር ያለው የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢዋ የጤና ጥናት ሲጀምሩ፥ ሥራው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን መመዝገብ ነበር። ከዚህም ብዙ ዕውቀት ተገኝቷል፤ በገጠር የሚኖር የአእምሮ ሕመምተኛ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚያጥር የታወቀው ከዚያው አገር ነው። ዳሩ ግን በቤት የሚቈጥር መዝገብ ቤት የሌለውን ሰው አያይም። በመናኸሪያው ጥግ የሚያድረው ሰው የሚንኳኳ በር የለውም።

እንግዲህ እርሱን ለማወቅ ወደ ጎዳና መውጣት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ሊቃውንት ወጥተው፥ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናታቸው 217 የጎዳና አዳሪዎችን መርምረዋል፤ አብዛኞቹም በአእምሮ ሕመም ወይም በመጠጥ ጉዳት ተይዘው ተገኙ። አላፊ አግዳሚው «ሰነፍ» ይለው ለነበረው ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

የምነቅፈው ሌሎችን ነው፤ ይኸውም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለመጨረስ በወልቂጤና በቡታጅራ ጎዳና መጠይቅ ይዘው የሚጣደፉትን። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም ነገ ከእነርሱ አንዱ ትሆን ይሆናል። ለተራበ ሰው ዳቦ እያሳዩ «ትስማማለህን?» ማለት ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ የሚመልሰው ረኃቡ ነውና። ዳቦው አስቀድሞ ይሰጥ፤ እምቢ ያለውም አይነፈገው።

የባሰው ግን የምስጢር ነገር ነው። በአዲስ አበባ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ተሰውሮ ይቀር ይሆናል፤ በወልቂጤ ግን አይሰወርም። «ዕድሜው ይህን ያህል፥ ከእገሌ መንደር የመጣ፥ ሚስቱን የፈታ» ተብሎ ከተጻፈ፥ ስሙን መተው ምን ይጠቅማል? ባለ ሱቁ ያውቀዋል፤ ሊስትሮውም ያውቀዋል፤ ለመስቀል የሚገባው ዘመድ ወሬውን ይዞ አገር ቤት ይደርሳል። ያ ሰው አንድ ቀን ወደ ወገኖቹ ለመመለስ ቢያስብ፥ መንገዱን የዘጋበት ያ ወረቀት ይሆናል።

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 በሄልሲንኪ ያወጣውና ከዚያ ወዲህ እየታረመ የመጣው ድንጋጌ፥ የተጐዳ ወገን በጥናት የሚመረመረው ጥናቱ ለዚያው ወገን የሚጠቅም ሲሆን ነው ይላል። የሚጠቅመውን ደግሞ ከባለቤቱ በላይ ማን ያውቃል? ጠያቂው ወረቀቱን ከማዘጋጀቱ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብሎ «ስለ ምን ብንጠይቅ ይበጃችኋል?» ቢላቸው፥ ስለ ክረምት ማደሪያ፥ ልብሳቸውን ስለሚያኖሩበት ስፍራ፥ የቀበሌ መታወቂያ ስለ ማጣታቸው ይነግሩት ይሆናል። እኔ ባየኋቸው መጠይቆች ውስጥ ከነዚህ አንዱም አልተጻፈም።