ከጥያቄው በፊት የተዘጋጀ መልስ
ስለ እንግሊዝኛ ድርሰት ፈተናና ስለ «ጋይድ» መጻሕፍት የቀረበ ሂስ

በዚህ እትም ስለ አንድ ታዋቂ መጽሐፍ ሂስ ላቀርብ ነው። ታዋቂ ስል ደራሲው ስለሚታወቅ አይደለም፤ እዚህ ካኩማ የፈተና ሰሞን ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ የሚነበበው እሱ ስለሆነ ነው። «ጋይድ» እንለዋለን። ለኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ፈተና የታዘዘውን ልብ ወለድ ወይም ተውኔት ያሳጥራል፣ ገጸ ባሕርያቱን ይዘረዝራል፣ «ጭብጡ ይህ ነው» ይላል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የተሠሩ ድርሰቶችን ይደረድራል። ፎቶ ኮፒው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዋናውን መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ተማሪ እንኳ ጋይዱን እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

ዋናውን መጽሐፍ ተማሪዎቻችን «ሴት ቡክ» ይሉታል። እንግሊዝኛ የማትሰማ እናት ይህን ስትሰማ ስለ ሴቶች የተጻፈ መጽሐፍ ይመስላታል። ለነገሩ ዛሬ የማነሳው ተውኔት ስለ አንዲት ሴት ስለሆነ ብዙም አልራቀች።

ጋይድ አይነበብ አልልም። ለአንድ ክፍል የሚደርሰው ዋና መጽሐፍ ጥቂት በሆነበት፣ ማታ እንደልብ መብራት በማይገኝበት ቦታ፣ ታሪኩን ለማስታወስ ብዙ ተማሪ ረድቷል። ነቀፌታዬ ሌላ ነው። ጋይድ መልሱን ከጥያቄው በፊት ይሰጣል። የድርሰት ፈተና የሚመዝነው ደግሞ ጥያቄውን ካየን በኋላ ያሰብነውን ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ፈተናው የሚጠይቀው ምንድነው?

የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የእንግሊዝኛ ፈተና ሦስት ወረቀት አለው፦ ፔፐር 1 ከ60፣ ፔፐር 2 ከ80፣ ፔፐር 3 ከ60፣ ድምሩ 200። ፔፐር 3 ሙሉ በሙሉ መጻፍ ነው። በ2 ሰዓት ተኩል ሦስት ድርሰት ይጻፋል፣ እያንዳንዱ ከ20 ይታረማል። አንዱ ከራስ የሚፈጠር ኮምፖዚሽን ነው፤ ሁለተኛው በግዴታ ከሚነበቡት መጻሕፍት በአንዱ ላይ፣ ሦስተኛው በምርጫ ከሚነበቡት በአንዱ ላይ ነው። በፔፐር 2 ውስጥም ከታዘዘ መጽሐፍ የተወሰደ ክፍል ቀርቦ ጥያቄ ይከተለዋል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በየትምህርት ቤቱ የምናርምበት የተለመደው አከፋፈል፣ ለመጽሐፍ ድርሰት፣ መግቢያ 2፣ ሐሳብና ማስረጃ 12፣ ቋንቋ 4፣ መደምደሚያ 2 ነው። ከ20ው 12ቱ ያለው ከመጽሐፉ በሚወጣ ማስረጃ ላይ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቻችን ግን ሌሊት የሚሸመድዱት ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ለ4ቱ ሲሉ 12ቱን ይጥላሉ።

ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጡት ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። በማትሪክ የለመዱት ከኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ አንዱን መርጦ ማጥቆር ነው። ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይጠብቃቸው ነበር። ስለዚህ ድርሰትም የሆነ ቦታ የተጻፈ «ትክክለኛ መልስ» ያለው ይመስላቸዋል፤ ጋይዱን ሲያገኙ ያንን መልስ ያገኙ ያህል ይደሰታሉ።

ስለማናውቃቸው ወፎች

መጀመሪያ ኮምፖዚሽኑን እንይ። በሞዴል ድርሰቶች ውስጥ ታሪኩ ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ዓይነት ጠዋት ይጀምራል፤ ፀሐይዋ ደምቃለች፣ ወፎቹ ይዘምራሉ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ተማሪዎቻችንም እንዳለ ይገለብጡታል። ኧረ ለመሆኑ ካኩማ ውስጥ ፀሐይ ደምቃ መውጣቷ ምን ዜና አለው? እዚህ ዜና የሚሆነው ደመና ሲታይ ነው። ሩቅ ዘንቦ የታራች ወንዝ ደረቁን አሸዋ ሳይታሰብ ሞልቶ ሲመጣ፣ ቧንቧው ጋ ጀሪካኖች ተሰልፈው ድንጋይ ለሰው ወረፋ ሲይዝ፣ አቧራ ተነስቶ መምህሩ ከሰሌዳው ጋር ሲጠፋ፣ ታሪክ ይሄ ነው። መመሪያው ድርሰቱ ከ450 ቃላት እንዳይበልጥ ያዛል። ከዚያ ላይ 60ውን ለማናውቀው ወፍ መስጠት ኪሳራ ነው።

አንዳንዴ ጥያቄው ምሳሌያዊ አባባል ሰጥቶ «እውነትነቱን በታሪክ አሳይ» ይላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ የቤት ጨዋታ ነው። አባቶች ሲያስታርቁ፣ እናቶች ሲመክሩ፣ አንድ ተረት ጣል አድርገው ከሰፈሩ አንድ ሰው ይጠሩለታል። «አላየህም እንዴ፣ እገሌ እንዲህ አድርጎ እንዲህ ሆነ» ይላሉ። ፈታኙ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ድርጊት፣ አንድ ውጤት።

የሞተ ሰው ፊርማ

ወደ መጽሐፉ ድርሰት ልለፍ። ምሳሌ የማደርገው ሆን ብዬ ከፈተናው የወጣ መጽሐፍ ነው። አለበለዚያ ይሄ ጽሑፍ ራሱ ተሸምድዶ ሌላ ጋይድ ይሆናል። የኖርዌዩ ጸሐፌ ተውኔት ሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት»፣ በእንግሊዝኛው «ኤ ዶልስ ሃውስ»፣ መጀመሪያ መድረክ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1879 ኮፐንሃገን ውስጥ ነው። በኬንያ እስከ 2022 ፈተና ድረስ በግዴታ ይነበብ ነበር፤ ከ2023 ፈተና ወዲህ የግዴታ ተውኔቱ የጆን ላራ «ዘ ሳማሪታን» ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ኖራ የታመመ ባሏን ቶርቫልድን ወደ ጣሊያን ወስዶ ለማሳከም በድብቅ ትበደራለች። በዚያ ዘመን በአገሯ ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም። አበዳሪው ክሮግስታድ አባትሽ ዋስ ሆነው ይፈርሙ ይላታል፤ አባቷ በሞት አፋፍ ላይ ስለነበሩ እሷው በስማቸው ትፈርማለች። ከዓመታት በኋላ ባሏ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ክሮግስታድን ከሥራ ሊያባርር ሲል፣ ክሮግስታድ ያንን ወረቀት ይዞ ይመጣል።

የጋይድ አጻጻፍ እዚህ ጋ ምን ያደርጋል? በባሕርያት ዝርዝሩ ላይ «ኖራ አታላይ ናት፤ ፊርማ አስመስላለችና» ይላል። ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «ኖራ አፍቃሪ ናት፤ ለባሏ ስትል ፊርማ አስመስላለችና» ይላል። ሁለቱ መስመሮች አይነጋገሩም። ተማሪው ሁለቱንም ይሸመድዳል። ጥያቄው «ኖራ አታላይ ናት በሚለው ትስማማለህ?» ብሎ ቢመጣ የቱን እንደሚያወጣ ግራ ይገባዋል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ይጽፋል።

እስቲ ጋይዱን አጥፈን ተውኔቱን እንግለጥ። በመጀመሪያው ገቢር ክሮግስታድ ኖራን የሚያጋልጣት በቀን ቆጠራ ነው። አባቷ የሞቱት ሴፕቴምበር 29 ነው። ፊርማው ላይ ያለው ቀን ኦክቶበር 2 ነው። የሞተ ሰው ከ3 ቀን በኋላ ፈረመ ማለት ነው።

ይህን ትዕይንት ከኛ ልጆች በላይ የሚረዳው አንባቢ ከየት ይመጣል? ወረቀት ላይ ያለ ቀን ምን ያህል እንደሚከብድ የምናውቅ ሕዝብ ነን። የኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለያይ ቃለ መጠይቅ ላይ ቀን አልገጥም ያለው ሰው አለ፤ ልደቱን ስለማያውቅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ አለ፤ በአንድ ቁጥር ምክንያት ኬዙ የቆመበት አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ልጅ ክሮግስታድ ወረቀቱን ሲያወጣ ማንም ሳያብራራለት ሆዱ ይሸበራል። ጋይዱ ግን «ፊርማ አስመስላለች» ብሎ ቀኑን ዘሎት ሊያልፍ ይችላል። ልጁም ያየውን ትቶ ጋይዱ ያየውን ይጽፋል። ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው፦ ጋይድ የሚወስድብን ማርክ ብቻ አይደለም፣ ዓይናችንንም ነው።

ቀኑን ያየ ተማሪ ምን ሊል ይችላል? ማታለል ሙያው የሆነ ሰው አባቱ የሞቱበትን ቀን ሳያጣራ አይፈርምም። ኖራ አላጣራችም። ለባሏ ሕይወት፣ ለአባቷም ጭንቀት ብላ ያደረገችውን ሕግ አይቶ የሚያልፍላት መስሏታል። ቆይ ግን፣ ተውኔቱ ገና ሲጀመር ባሏ የከለከላትን ጣፋጭ ደብቃ ትበላለች፣ ሲጠይቃትም ዓይኑን እያየች አልበላሁም ትለዋለች። ስለዚህ ተማሪው እንዲህ መጻፍ ይችላል፦ ኖራ በወረቀት ማታለል አትችልበትም፣ ባሏን መሸንገል ግን የዕለት ኑሮዋ ነው፤ እንደ ልጅ በሚይዛት ቤት ውስጥ ሌላ መንገድ አልተተወላትም። በሦስተኛው ገቢር ሚስጥሩ ሲወጣ ቶርቫልድ የሚጨነቀው ለስሙ ነው፤ ወረቀቱ ሲመለስም መጀመሪያ የሚደሰተው ራሱ በመዳኑ ነው። ይህ ሲጨመር ክርክሩ ይሞላል። አሁን አንድ አቋም አለ፣ ሦስት ማስረጃ አለ። ሌላ ተማሪ ከነዚሁ ትዕይንቶች ተነስቶ የተለየ አቋም ሊይዝ ይችላል፤ እሱም ማርኩን ያገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የራሳችሁን ኬዝ ድርሰቱ ውስጥ አስገቡ ማለቴ አይደለም። ኑሮአችን ዓይን ይሰጠናል እንጂ ማስረጃው የሚመጣው ከገጹ ነው። ስለ ካኩማ ወረቀት የሚጽፍ ተማሪ ከጥያቄው ወጣ ማለት ነው።

ሰምና ወርቅ ለፈታኝ አይሆንም

ጥፋቱ ሁሉ የጋይድ አይደለም፤ ከራሳችን ልማድ የሚመጣም አለ። በአማርኛ ጨዋ ሰው ዋናውን ነገር ቶሎ አያወጣም። ያዞራል፣ ያሟሙቃል፣ ወርቁን በሰም ይሸፍናል፤ ብልህ የሆነ ፈልጎ ያግኘው ይላል። ግሩም ጥበብ ነው፤ ለፈታኝ ግን አይሆንም። ፈታኙ ፊት የወረቀት ክምር አለ። ወርቁን በመጀመሪያው አንቀጽ ማየት ይፈልጋል፤ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም፣ ምክንያቱም» በሉት። ከዚያ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ድርጊት ይያዝ፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ ምን አስከተለ፣ ከጥያቄው ጋር እንዴት ይያያዛል። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። ድርጊቱን ተርኮ ብቻ መሄድ መልስ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለተማሪዎች፦ ጋይዱን ከመክፈታችሁ በፊት ዋናውን መጽሐፍ አንድ ጊዜ ጨርሱ። አንድ ኮፒ ብቻ ካለ አራት አምስት ሆናችሁ ተራ በተራ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ተውኔት እኮ የተጻፈው እንዲሰማ ነው። ከየትዕይንቱ አንድ ድርጊት በራሳችሁ ቃል ደብተር ላይ አስፍሩ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ተከራከሩበት፤ ሐሳቡ ሲጠራ ወደ እንግሊዝኛው ግቡ። ፈተና ላይ ለእያንዳንዱ ድርሰት 50 ደቂቃ አላችሁ፦ 5ቱን ለማቀድ፣ 40ውን ለመጻፍ፣ 5ቱን መልሶ ለማንበብ።

ለባልደረቦቼ መምህራን፦ የክፍላችንን ብዛትና የምንከፈለውን የማበረታቻ ክፍያ አውቃለሁ። ሙሉ ድርሰት በየሳምንቱ ማረም አይቻልም። አንድ አንቀጽ ብቻ ማጻፍ ግን ይቻላል። በአንድ ትዕይንት ላይ ሦስት የተለያየ ጥያቄ እናውጣ፣ ለየረድፉ አንዱን እንስጥ። ጥያቄው ሲለያይ የተሸመደደው መልስ ወዲያው ይታወቃል። ሞዴል ድርሰት ሰሌዳ ላይ ከጻፍንም ተማሪዎቹ ደካማ ጎኑን ፈልገው እንዲተቹት እንጂ እንዲገለብጡት አይሁን።

በመጨረሻም፣ ነገሩ የእንግሊዝኛ ማርክ ብቻ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አጠቃላይ ውጤቱ ቢያንስ ሲ ፕላስ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ለሆነ በሩ በጣም ይጠባል። የ8-4-4 የመጨረሻዎቹ ተፈታኞች በ2027 የሚቀመጡት ናቸው፣ ከኋላ ያሉት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ይቀጥላሉ። የቱም ሥርዓት ቢመጣ ግን ስኮላርሺፕ ስናመለክት «ለምን አንተን እንምረጥ?» የሚል ባዶ ገጽ ይሰጠናል። ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ አቋርጬ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ያ ገጽ ምን እንደሚያህል አውቀዋለሁ። ለእሱ የሚሸጥ ጋይድ የለም። ፎርም 3 ላይ ስለ ኖራ የራሱን አቋም መጻፍ የተለማመደ ልጅ ያን ቀን ስለ ራሱ የሚለው አያጣም።

በዚህ ሂስ የማትስማሙ መምህራንና ተማሪዎች ካላችሁ ጻፉልን። ማስረጃችሁን ግን ከመጽሐፉ አምጡ። ቸር ያሰንብተን።