ባዶው ካዝና የሚያስተምረው

ሽጉጥ ተኩስ የሚማር ሰው ሐሳቡ ሁሉ ኢላማው ላይ ነው። እንዴት እንደሚያነጣጥር፣ ትንፋሹን መቼ እንደሚይዝ፣ ቃታውን እንዴት እንደሚስብ ይጠይቃል። «ጥይቴ ሲያልቅስ?» የሚል ሰልጣኝ የሚገጥመኝ ከስንት አንዴ ነው። በፖሊስ አሰልጣኝነት እንዳየሁት ግን ጥሩ ተኳሽ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ስምንቱን ጥይት ወረቀቱ ላይ አቀራርቦ ያሳረፈው ጎበዝ፣ ካዝና ሊቀይር ሲል እጁ ይተሳሰራል፤ ዓይኑ ወገቡ ላይ ይወርዳል፤ አፈሙዙም ሳያስበው አጠገቡ ወደቆመው ሰው ይዞራል።

ይህን ጉድለት ብዙ ጥይት በመተኮስ ማስተካከል አይቻልም። ሰውየው ሺህ ጥይት ቢጨርስ ሺህ ጊዜ ቃታ መሳብን ይለማመዳል እንጂ ካዝና የሚቀይረው ጥቂት ጊዜ ነው፤ እነሱንም በጥድፊያና በጆሮ ጩኸት መካከል። መሙላት የሚለመደው በባዶ መሣሪያ፣ በጸጥታ፣ በዝግታ ነው። ተኩስ ሜዳው የሚፈለገው መለመዱን ለማረጋገጥ ነው።

አገራችን ውስጥ በፖሊስና በወታደር ወገብ ላይ ብዙ ዘመን የኖረውን ማካሮቭን እንውሰድ። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ሽጉጥ ነው፤ ካዝናው ስምንት ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ይይዛል። የካዝናው መያዣ ያለው እጀታው ግርጌ ላይ ነው። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ካዝናውን ከሚጥለው ከቶካሬቭ በተለየ፣ ማካሮቭ ሌላኛውን እጅ ይጠይቃል፦ መያዣውን ወደ ኋላ ገፋ፣ ካዝናውን ሳብ፣ አስቀምጥ፣ ሙሉውን አንሳ። ብዙ ባልደረቦቼ በዚህ አዝጋሚነቱ ያማርሩታል። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው በዚሁ ጠባዩ ነው። አንዱ እንቅስቃሴ ሳያልቅ ሌላውን ለመጀመር የሚቸኩል ሰው ማካሮቭ ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

የመጨረሻው ጥይት ሲወጣ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ቀርቶ ይቆማል። ልምድ ያለው እጅ ይህን ሳያይ ያውቀዋል፤ ምቱ ይለያል፣ ሽጉጡም ይቀላል። ያኔ ጣት ከቃታ ይወጣል። ሽጉጡ ወደ ደረት ይቀርባል እንጂ ወደ ታች አይወርድም፤ አፈሙዙ ከኢላማው አቅጣጫ አይነቃነቅም። አዲሱ ካዝና ሲነሳ አመልካች ጣት በካዝናው ፊት ለፊት ተዘርግቶ ጫፉ የላይኛውን ጥይት አፍንጫ ይነካል። ጣት የሚጠቁምበትን ቦታ መዳፍ አይስትምና በጨለማም ቢሆን ካዝናው ቀዳዳውን ያገኛል። ከገባ በኋላ ግርጌውን በመዳፍ መታ ማድረግ የግድ ነው። ግማሽ መንገድ ገብቶ የቆመ ካዝና አንድም ጥይት አያጎርስም፤ ተኳሹ የሚያውቀውም ቃታ ስቦ ዝም ሲለው ነው።

የተወለድኩት መንዝ ጌራ ምድር ነው። በእኛ በኩል ከሽጉጥ በፊት የሚታወቀው ጠመንጃ ነበር፤ ከጠመንጃም ውጅግራ። የፈረንሳዮቹ የ1874 ግራ ጠመንጃ ነው፤ ካዝና የለውም። እጀታውን አንስተው ወደ ኋላ ይስቡታል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ሌላ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት በእጅ ያጎርሳሉ፣ ገፍተው ይዘጋሉ። በእያንዳንዱ ተኩስ መካከል አንድ መሙላት አለ ማለት ነው። አያቴ ውጅግራውን ሲያስነካኝ ያስጠናኝ ይህንኑ መክፈትና መዝጋት ነበር። «መቼ ነው የምተኩሰው፣ አባባ?» ስለው «ዓይንህን ጋራው ላይ አድርገህ ስትዘጋው» አለኝ። ዝናሩ ውስጥ ያለውን አንዱን ጥይት እንኳ አልሰጠኝም።

ስስት አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአንዳንድ የኢትዮጵያ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ጨው በሚገዛበት ነገር ማን ይለማመዳል? በጣሊያን ወረራ ዘመንም በመንዝና በአካባቢው ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የተዋጉት አርበኞች ዋናው የጥይት ምንጫቸው ከጠላት የሚማረከው ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ተኩስ የሚማሩት ሳይተኩሱ ነው። ሰው ስንት ጥይት እንደቀረው ሁልጊዜ ያውቃል፤ ባዶውን መሣሪያም አሽቶ አሽቶ ከእጁ ጋር ያዋህዳል። ዛሬ የጥይት ሳጥን ከፍተን የምንሰጣቸው ሰልጣኞች የሚያጡት ይህንን ነው።

ቆጠራውን እኔም አጥብቄ እይዛለሁ። ተኩሱ እንደቆመ «ስንት ቀረህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚያውቅ ሰው ካዝናው እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከለላ ሲያገኝ አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ እንዳለ የተጋመሰውን ካዝና አውጥቶ ሙሉውን ያስገባል፤ የተጋመሰውንም ኪሱ ያኖረዋል እንጂ አይጥለውም።

የአየሩ ነገር ሌላ ትምህርት ነው። የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የጓሳ ሜዳ ከዚያም ይሻቅባል። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ጣት ትንሿን የካዝና መያዣ አይሰማትም፤ የበዛ ቅባትም ይረጋና ተንሸራታቹን ያጓትታል። ስለዚህ በደጋ ቅባቱ ስስ ይሁን፤ የካዝና ለውጡም እጅ በቀዘቀዘበት ሰዓት ይፈተን። ወደ መርሐቤቴ ወርደው ወደ ጀማ ሸለቆ ሲጠጉ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፦ መዳፍ በላብ ያንሸራትታል፣ አቧራ ካዝና ውስጥ ገብቶ ሞላውን ያንቃል። እዚያ ካዝናው ተፈቶ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ ቅባት አይጠጣም።

ልምምዱ ራሱ ቀላል ነው። ጥይቱ ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል። የበርሜሉ ባዶነት በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ካለ ካዝናው በእሱ ይሞላል። ወለሉ ላይ ባና ይነጠፋል፤ የወደቀ ካዝና ከንፈሩ ከተጣመመ ጥይት ያዘልላልና። ከዚያ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየቆጠሩ፣ ዓይንን ግድግዳው ላይ ካለ ነጥብ ሳያነሡ፣ በጣም በዝግታ። ቆሞ ሲሳካ በርከክ ብሎ፤ ከዚያ በጨለማ፤ ከዚያ በግራ እጅ። እጅ ሲደክም ይቆማል፤ የደከመ እጅ የሚይዘው መጥፎ ልማድን ነው።

ከመሙላት ጋር አብሮ የማይማሩት ከሆነ አደገኛ የሚሆን አንድ ነገር አለ፦ ማራገፍ። ሥርዓቱ መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹን ስቦ በርሜሉ ውስጥ የቀረውን ጥይት ማስወጣት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ተንሸራታቹ ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል፤ ሰውየው ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ይላል፣ ሽጉጡ ግን ጎርሷል። ቤት ውስጥ ወንድም ወንድሙን የሚመታው በዚህ ዓይነት ባዶነት ነው። መሣሪያ ግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት አገራችን ይህ ከኢላማ ይቀድማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድን ግዴታ አድርጓል። ፈቃዱ ወረቀት ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ሽጉጡን ባዶ የሚያደርገው የባለቤቱ እጅ ነው።

ስለዚህ ፈተና ስሰጥ ሰዓት ይዤ አልጀምርም። ሰልጣኙ መጀመሪያ ያራግፋል፤ በዓይኑና በጣቱ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ይሞላል፤ ዳግመኛ ያራግፋል። አፈሙዙ ካልዞረ፣ ጣቱ ቃታ ውስጥ ካልገባ፣ የቀረውንም ጥይት ሲጠየቅ ሳያመነታ ከነገረኝ አልፏል። ፍጥነቱን የምለካው ከዚያ በኋላ ነው።